ባሌ ያለበት ጣቢያ

ቢቸና፣ ሐምሌ 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ሞጣ ለምትኖረው ለሚዜዬ፤

እንዴት ነሽልኝ? ክረምቱ እንዴት ይዞሻል? ያ ዝናብ በጣለ ቁጥር የሚነሳብሽ ሳል ዘንድሮስ ማረሽ? እናትሽ ወገባቸው ተሻላቸው ወይ? ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። እኛ እግዚአብሔር ይክበር ይመስገን ደኅና ነን። "ነን" ያልኩት ለወጉ አይደለም፤ ከሰኔ ወዲህ ሁለት ሆነናል። ሴት ልጅ ወለድኩ። ወሬው ቀድሞኝ ሞጣ እንደገባ አልጠራጠርም፤ ቢሆንም ከራሴ እጅ ባይደርስሽ ቅር እንደሚልሽ ስለማውቅ ይኸው አራስ ቤት ተኝቼ፣ ወረቀቱን ትራስ ላይ ዘርግቼ እጽፍልሻለሁ። እናቴ አራስ እንዲህ አጎንብሳ አትጽፍም፣ ወገብሽ ይያዛል እያለች ትቆጣኛለች። ጽሑፌ ከተጣመመ ከሷ ጋር እየተጨቃጨቅኩ የጻፍኩት ነውና ይቅርታ አድርጊልኝ።

ልጅቷ ደኅና ናት። ጠግባ ትተኛለች፣ ነቅታ ትጮኻለች። መልኳ አባቷን ደምለውን ነው፤ ግንባሯ ቁርጥ የሱ ነው። ይህን ስነግርሽ ደስ እንደሚልሽ አውቃለሁ።

ከተያየን ቆየን። በታኅሣሥ ለቁልቢ ገብርኤል ስለት አለብኝ ብለሽ ስትሄጂም ስትመለሺም እኛ ቤት አደርሽ፤ ከዚያ ወዲህ ጠፋሽ። እኔም በመጋቢት ደምለው ዘንድ ደርሼ መጥቻለሁ። መሄዴን ሰምተሽ ይሆናል፤ ያየሁትን ግን ለማንም በወጉ አላወራሁም። ላንቺ ፊት ለፊት ላወራሽ ብዬ ነበር ያቆየሁት። አሁን የሞጣ መንገድ ጭቃ ሆነና መኪና ቆመ፤ ደግሞም ፊትሽን እያየሁ ልንገርሽ ብል ሳልጨርሰው እቀራለሁ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ በወረቀት ይሁን።

ለምን እንደሄድኩ መደበቅ አያስፈልገኝም። ቀንቼ ነው። አንቺ ከልጅነታችን ጀምሮ ታውቂኛለሽ፤ ትምህርት ቤት እያለን አንቺ አጠገብ ሌላ ልጅ ብትቀመጥ እንኳ ሆዴ ይቃጠል ነበር። ደምለው ለመስቀል ፈቃድ መጥቶ ከተመለሰ በኋላ ቀዘቀዘ። በየሳምንቱ የሚጽፍ የነበረው ሰውዬ በወር አንዴ ሆነ፤ ሲጽፍም ስለኔና ስለ ሆዴ ሳይሆን ስለሚሠራበት የባቡር ጣቢያ ነው። ባቡሮቹ እንዲህ ሆኑ፣ የስልኩ ሽቦ ተበጠሰ፣ አዲስ ደወል ተሰቀለ፣ ይህንኑ ነው። እንዲያ እያለ ለጥምቀት እመጣለሁ አለና ፈቃድ ከለከሉኝ ብሎ ቀረ። የዚያን ዕለት ታቦቱ ሲመለስ ሴቱ ሁሉ ከባሉ ጋር ሲጨፍር እኔ ብቻዬን ቆሜ አየሁና ነገር ሸተተኝ። አንዲት ሴት አለች አልኩ። ጠረኗን እንኳ ከሩቅ የማውቀው መሰለኝ።

እናቴ ሥራ በዝቶበት ነው፣ በሰው አገር ሰው አታስቂበት አለችኝ። አልሰማኋትም። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ይህን የሚያህል ሆድ ይዘሽ ወዴት ነው ሲለኝ ባሌ ዘንድ አልኩት፤ ሳቀና የይለፍ ወረቀቴ ላይ ማኅተሙን መታ። የዓባይን በረሃ እያስመለሰኝ ተሻገርኩ። አዲስ አበባ አጎቴ ዘንድ አድሬ በማግስቱ ለገሃር ወረድኩና ትኬት ቆረጥኩ። ባቡር እንዴት እንደሆነ መቼም ላንቺ አልነግርሽም፤ በታኅሣሥ ቀድመሽኛል። ሲነሳ ወደ ኋላ ጎተት ያደርግሽና ሆድሽን ባዶ የሚያደርገው ነገር አንቺንም አድርጎሽ ነበር? እኔን ልጅቷ በውስጤ ተገለበጠች።

የከተማዋን ስም ብጽፍልሽ ምንም አይጨምርልሽም። ከአዋሽ ወዲያ ናት፤ ቆላ ናት፤ ከጣቢያው በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር የላትም። መምጣቴን ለደምለው አላስታወቅኩትም። የቀና ሰው አስታውቆ አይሄድም። ባቡሩ ሲቆም ጓዜን ይዤ ወረድኩና ወዲያ ወዲህ ስል በቢሮው መስኮት አየሁት፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ቆሟል። እሱም አየኝ። ዓይናችን ተጋጠመ። ከዚያ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? ቆይ ብሎ መዳፉን አሳየኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሥራው እንደዚያ መሆኑን በኋላ ተረዳሁ። ሐዲዱ አንድ ብቻ ስለሆነ የሚሄደውም የሚመጣውም በዚያው ላይ ነው። ደምለው ቀጥሎ ወዳለው ጣቢያ ደውሎ መንገዱ ነፃ ነው ወይ ብሎ ሳይጠይቅ፣ ነፃ ነው የሚለውንም በጆሮው ሳይሰማ ባቡር አይለቀቅም። እሱ ለጣቢያው ሹም ይናገራል፣ ሹሙ ደወሉን ያስደውላሉ፣ ሾፌሩ ያን ሰምቶ ነው የሚነሳው። ያ ሁሉ ሕዝብና ያ ሁሉ ብረት የሚጠብቀው የደምለውን ቃል ነው። ይህ ሁሉ ደግ ነው፤ እኔ ግን ስድስት ወር ያረገዝኩ ሚስቱ ፀሐይ ላይ ቆሜ ባቡሩ እስኪሄድ ጠበቅኩት። በባቡር የቀናሁ የመጀመሪያዋ የቢቸና ሴት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ሲወጣ ላብ አጥምቆት ነበር። ጉንጬን ሳመኝ፤ ምነው ሳትነግሪኝ አለ፤ ጓዜን ተቀበለኝ። እቤቱ ይወስደኛል ስል ቀጥታ ጣቢያው ቡፌ አስገባኝ። እዚያ ሀብትነሽ የምትባል ሴት አለች። ደልደል ያለች፣ የወርቅ ጥርስ ያላት፣ በጠረጴዛዎቹ መሀል ስትሄድ የወንዱ ሁሉ ዓይን አብሯት የሚሄድ ሴት ናት። ደምለው እሷን ጠራና ከአገር ቤት እንግዳ መጣችብኝ፣ ደኅና አድርገሽ አስተናግጂልኝ ብሏት ወደ ስልኩ ተመለሰ። እንግዳ አለኝ። መጀመሪያ እየቀለደ መስሎኝ ልስቅ ነበር።

ሀብትነሽ ፊቴን አየች፣ ሆዴን አየች፣ እንደገና ፊቴን አየች። ጾመኛ መሆኔን ሳልነግራት ሽሮና ጎመን አቀረበችልኝ፤ እኔ ግን አልወርድ አለኝ። ይህቺ ናት አልኩ። ደምለውን ደምሌ ብላ ነው የምትጠራው። ሻዩን ያለ ስኳር እንደሚጠጣ ታውቃለች፤ ያንን እኔ ራሴ ያወቅኩት ከተጋባን በኋላ ነው። በዚያ ላይ ማየቷ አላቆመም። በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ዓይኗ ይከተለኛል። እኔም አየኋት። ሁለት ዶሮዎች ሆነን ሰነበትን።

የደምለው ክፍል ከጣቢያው ኋላ ካሉት የሠራተኛ ቤቶች አንዷ ናት። አልጋ፣ ሳጥን፣ ምድጃ፣ ያው የወንደላጤ ቤት ናት። መስኮቷ ላይ ግን ሰማያዊ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ዳር ዳሩ በእጅ ተዘምዝሟል። ማን ሰፋው አልኩት። ከድሬዳዋ ገዛሁት አለ። ስፌት እንጀራዬ መሆኑን የረሳው ይመስላል፤ የሱቅ ዝምዝማትና የሰው እጅ ዝምዝማት የማይለይብኝ መስሎታል። የሀብትነሽን ጣቶች አሰብኩ፣ መርፌ ሲይዙ ታዩኝ።

ቀን ቀን ደምለው ሥራ ላይ ነው፤ ማታ ደክሞኛል ይላል። ያዘነልኝ የጣቢያው ሹም አቶ ኃይለ ሚካኤል ናቸው። ሽበታም፣ ኮታቸውን በዚያ ሙቀት የማያወልቁ ሰው ናቸው። ብቻዬን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሲያዩኝ ልጄ ነይ ጣቢያችንን ላሳይሽ ብለው ይዘውኝ ዞሩ። ልክ የገዛ ርስታቸውን እንደሚያስጎበኝ ሰው ነበሩ። ሕንፃውን ፈረንሳዮች በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እንደሠሩት፣ ድንጋዩ ከየት ተጠርቦ እንደመጣ፣ ያኔ ባቡር በእንፋሎት ሲሄድ እዚህ ቆሞ ውኃ ይጠጣ እንደነበር ነገሩኝ። የውኃው ጋን ዛሬም ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ባቡሩ ናፍጣ ጠጪ ከሆነ ወዲህ የሚጠጣበት የከተማው ሰው ነው። ቡፌውን አንድ ግሪክ ነበር የከፈተው አሉ፤ ከአብዮቱ በኋላ ተወረሰና ሠራተኞቹ ደሞዝተኛ ሆኑ። የአንደኛ ማዕረግ መንገደኞች የሚያርፉበት ክፍል አሁን የውይይት ክበብ ሆኗል፤ ባለ ከፈዩ ወንበር ላይ ካድሬው ይቀመጥበታል። በሶማሌ ጦርነት ጊዜ ቁስለኞቹን በረንዳው ላይ ደርድረዋቸው የቡፌው የጠረጴዛ ልብስ ሁሉ ለፋሻ ተቀደደ አሉኝ። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ወረደ፤ እኔም ቅናቴን ለጥቂት ረስቼ አብሬያቸው አዘንኩ።

ሰዉ ከዚያ ጣቢያ የማያገኘው ነገር የለም። ገበሬው ፍየሉን በፉርጎ ይልካል፤ ጨው ይወርዳል፤ አስቸኳይ መልእክት ያለው ቴሌግራም ያስመታል፤ የሞተበት አስከሬኑን ወደ አገሩ ያሳፍራል፤ ልጅ የጠፋባት እናት ደምለው ዘንድ መጥታ በየጣቢያው ደውልልኝ ትላለች፣ እሱም ይደውልላታል። ይህን ሳይ ጣቢያው ባሌን ለምን እንደወሰደብኝ ገባኝ። እዚህ ቢቸና ደምለው የቄስ ልጅ ደምለው ነው፤ እዚያ ግን ሰው ሁሉ ስሙን ይጠራል። በግዑዝ ሕንፃ መቅናት ይቻላል ወይ ብትይኝ ይቻላል።

አቶ ኃይለ ሚካኤል ስለ ቁልቢም አጫወቱኝ። ወጪውና ወራጁ ባቡር የሚተላለፉት እዚያ ስለሆነ በታኅሣሥ የቁልቢ መንገደኛ ሁሉ እዚያ ወርዶ ቡፌው ውስጥ ይበላል፤ በረንዳው ላይ መቆሚያ ይጠፋል አሉ። ጓደኛዬም በዚህ አልፋለች አልኳቸው፤ ስለት የተሳለችውም ለኔ ሆድ ነው አልኳቸው። ደግ ጓደኛ አለችሽ አሉኝ።

አሁን ወደ ሀብትነሽ ልመለስ። ምን ላድርጋት? ልሳደብ ብል እንግዳ ነኝ። ደምለውን ልጠይቅ ብል ይክደኛል፤ ከካደኝ በኋላ ደግሞ አብሬው እንዴት እንደምኖር አላውቅም። ተኝቼ ሳሰላስል አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሴት ልጅ ከሰጠኝ ሀብትነሽን ክርስትና እናት አደርጋታለሁ አልኩ። ያን ጊዜ ከደምለው ጋር አበልጅ ሆኑ ማለት ነው። አበልጅ ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ከሥጋ እህት በላይ ነው፤ እንኳን ሌላ ነገር ቀርቶ በክፉ ዓይን መተያየት በሰማይም በምድርም የሚያስኮንን ነው። ደምለው ጣቢያው ብዙ ነገር ቢያስረሳውም ይህን አይረሳም፤ አባቱ እግር ሥር ዳዊት ደግሞ ያደገ ሰው ነው። ልጄ ራሷ በሁለቱ መሀል አጥር ትሆንልኛለች አልኩ። ወንድ ከሆነ ግን ዕቅዴ ከንቱ ነው፤ የወንድ ክርስትና አባት እንጂ እናት አይፈለግም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሴት ስጠኝ እያልኩ ነበር የምጸልየው።

ባቡሩ አልፎ ቡፌው ጭር ባለበት ሰዓት ገባሁና ሀብትነሽን ቁጭ በይ አልኳት። ሆዴን በእጄ ይዤ ሴት ከሆነች ክርስትና እናት ሁኚኝ፣ አበልጄ ሁኚ አልኳት። የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። በሩን አየች፣ የደምለውን መስኮት አየች። ከዚያ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና፣

"እህቴ አትቀየሚኝ፤ ደምለው ስንት ሚስት ነው ያለው?" አለችኝ።

ቅናት እንደሚያደነቁር ያኔ ነው ያወቅኩት፤ ሁለተኛ አስደግሜያት ነው የሰማሁት። በቁልቢ ሰሞን አንዲት ሴት ከባቡር ወረደች አለችኝ። ደምለው እየሮጠ ወጥቶ ተቀበላት፤ ያን ቀን ስልኩን የያዙት አቶ ኃይለ ሚካኤል ነበሩ። ቡፌው ውስጥ እኔ በተቀመጥኩባት ወንበር አስቀመጣትና ሚስቴ ናት፣ ከጎጃም መጣችልኝ ብሎ ለሠራተኛው ሁሉ አስተዋወቃት። ደወሉ ተደውሎ የቁልቢ ሰው ሁሉ ሲሳፈር እሷ አልተሳፈረችም። እዚያው ሰነበተች። መጋረጃ ልስፋለት ብላ መርፌ የተዋሰችው ከሀብትነሽ ነው። ሰዉ ከቁልቢ ሲመለስ ከመሀላቸው ገብታ ተሳፈረች፤ አብራቸው ስለቷን ያደረሰች ነበር የምትመስለው አለችኝ። ሀብትነሽ እኔን ስታይ የሰነበተችው ስለዚህ ነው። ሆድ ይዤ ስመጣ ዓይኗን ማመን አቅቷት፣ እኔ ሚስት ልሁን ውሽማ ግራ ገብቷት ነበር። ምስኪን ሴት! ስንት ቀን ሙሉ ረግሜያት ነበር።

ከጎጃም የት ናት አለችሽ አልኳት። ሞጣ አለችኝ። ረዘም ያለች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትከልል፣ ደረቷን እያሳላት አረንጓዴ ሹራብ የማታወልቅ ሴት ናት አለች፤ በዚያ ሙቀት ሹራብ ለብሳ ሰዉን አስቃዋለች። አንገቱ ላይ ነጭ መስመር አለው ወይ አልኳት። አለው አለች።

ሞጣ እንግዲህ ትልቅ ከተማ ነው። ረጅም ሴትም ሞልቶበታል። ያንቺን ሹራብ ስሠራልሽ የተረፈኝን አረንጓዴ ክር ለገበያ ሰጥቼ ስለነበር ሌላም ሴት ገዝታ አሠርታበት ይሆናል። አንቺ በዚያው ሰሞን በዚያው ባቡር ስለነበርሽ ምናልባት አይተሻት ይሆናል። ካየሻት ደግሞ ለኔ ያልነገርሽኝ በሆዴ ያለው ልጅ እንዳይጎዳ ብለሽ ነው እላለሁ። እንደዚህ ነው ለራሴ የምነግረው።

የተሰማኝን ግን ልንገርሽ፤ ለማን እነግራለሁ? መጀመሪያ የቆረጠኝ ሌላ ሴት መኖሯ አይደለም። ያንን ከቢቸና ጀምሮ ይዤው ሄጃለሁ። የቆረጠኝ ሚስቴ ናት ያላት ነው። እኔን እንግዳ አለኝ። ሚስቴ የምትለዋን ቃል ለሷ ሰጥቷት ስለነበር ለኔ አልተረፈችውም። እኔ ተክሊል የደፋሁ፣ አንቺ ራስሽ ጥላ ይዘሽልኝ ከአባቴ ቤት የወጣሁ ሴት፣ እዚያ ቡፌ ውስጥ ሽሮ ቀርቦልኝ ከአገር ቤት እንግዳ ሆንኩ። እሷ ሰዉ ሁሉ እያያት ሳቀች። በዚያች ሳቅ እስከ ዛሬ እቀናለሁ። ሌሊት ልጅቷን ሳጠባ ትዝ ይለኝና ወተቴ ይደርቃል።

ለደምለው ምንም አልተናገርኩም። ያን መጋረጃ እያየሁ ከሱ ጋር ተኛሁ፣ ልብሱን አጠብኩ፣ ቁልፉ የወለቀ ሸሚዙን ሰፋሁ። ልናገር ስል አንድ ነገር እየመጣ አፌን ይይዘኛል። ያቺ የሞጣ ሴት የማላውቃት ብትሆን ኖሮ ጣቢያውን በጩኸቴ አፈርሰው ነበር። ግን የማውቃት፣ የምወዳት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አብራኝ ያደገች ሰው ብትሆንስ አልኩ። አንዴ ከጮህኩ ሁለቱንም አጣለሁ። ባሌ ሄዶ ጓደኛዬ ዘንድ አላለቅስም፣ ጓደኛዬ ሄዳ ባሌ አያጽናናኝም። እንግዲህ የማደርገውን ያኔ ወሰንኩ።

የተመለስኩ ዕለት ደምለው ጓዜን ይዞ እስከ ባቡሩ ሸኘኝ። ከተሳፈርኩ በኋላ በመስኮት ጎንበስ ብዬ ሴት ከሆነች ክርስትና እናቷን መርጫለሁ አልኩት። ማንን አለኝ። ስምሽን ጠራሁለት።

ፊቱ አመድ መሰለ። ወዲያ ሐዲዱን እያየ "ሌላ ሰው አይሻልም?" አለኝ።

ሚዜዬ ናት፣ ለዚህ ሆድ ተስላ ቁልቢ ድረስ የሄደች ናት፣ ከሷ የቀረበ ማን አለኝ አልኩት። ይህን ስለው ከቢሮው ስልኩ ጮኸና ሮጦ ገባ። መንገዱ ነፃ ነው ብለውት መሆን አለበት፤ ደወሉ ተደወለና ተነሳን። ከዚያ እስከ አዋሽ ድረስ ያለቀስኩትን እኔና አጠገቤ የተቀመጡት ባልቴት ነን የምናውቀው። ባልቴቲቱ ምጥ የመጣብኝ መስሏቸው ማርያም ማርያም ይሉልኝ ነበር።

እግዚአብሔር ጸሎቴን ሰማና ሴት ሰጠኝ። ምጡ ሲጠናብኝ እናቴ አንቺ ከቁልቢ ያመጣሽልኝን እመት ከሳጥን አወጣችና ሆድሽን ልቀባሽ አለች። እንዳታስነኪኝ ብዬ ጮህኩባት። ምጥ ነው ያናገራት ብላ ተወችው። እመቱ አሁንም ሳጥኑ ውስጥ አለ። ልጥለው አስቤ ነበር፤ ግን የገብርኤል ከሆነ እፈራለሁ። የገብርኤል ካልሆነ ደግሞ የየት አፈር እንደሆነ የምታውቀው ያመጣችው ናት።

እንግዲህ ጉዳዬ ይህ ነው። ሰማንያዋ በመስከረም መባቻ ሰሞን ይሞላል፤ እዚሁ ጊዮርጊስ ክርስትና ትነሳለች። ክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ። ለንስሐ አባቴ ለቄስ ገብረ ክርስቶስ ስምሽን ነግሬያቸዋለሁ፤ በጣም ደስ ብሏቸዋል፣ ያቺ ስለት የተሳለችው ልጅ ናት ወይ ነው ያሉኝ። እናቴም ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታለች። እንግዲህ አልችልም ብትይ ሰዉ ለምን ብሎ ይጠይቀኛል፤ እኔ ደግሞ ውሸት አላውቅበትም። ዝናቡ እስከዚያ ይቀንሳል፣ መኪናም ይጀምራል። ባይጀምር በበቅሎ ትመጫለሽ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ነጋዴው ፋንታ ነው፤ እሽታሽን በቃልሽ ንገሪው፣ ሌላ አልፈልግም።

ደምለውም ይመጣል። በዚህ ጊዜ ፈቃድ አልከለከሉትም። ሥርዓቱን መቼም ከኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ፤ ልጅቷን የምትይዢያት አንቺ ነሽ። ቄስ ገብረ ክርስቶስ ፊትሽን ወደ ምዕራብ ያዞሩሻል፤ አንቺም ስለ ልጄ ሆነሽ ሰይጣንን እክድሃለሁ ትያለሽ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ያዞሩሻል። አባትዬው ከጎንሽ ይቆማል። እኔም ቅርብ ሆኜ እሰማሻለሁ። ጮክ ብለሽ በይው፤ ሳልሽ እንዳያቋርጥሽ።

ለሰው ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ደረትሽን ይማርልሽ፣ እናትሽን ያቁይልሽ፣ የሞጣው ጊዮርጊስ አስነስቶ የቢቸናው ጊዮርጊስ በሰላም ያግባሽ። እኔ እወድሻለሁ። ይህን የጻፍኩት ለማሳመር አይደለም፤ ባልወድሽ ኖሮ ሌላ ደብዳቤ ነበር የምጽፍልሽ፣ ወይም ጭራሽ አልጽፍም ነበር።

እስከ ዛሬ ሙሽራሽ፣
ከእንግዲህ አበልጅሽ